መርፌው ይቅደም፦ የሸክላ ማድመጫ ዕቃዎቻችንን ስለ ማወዳደርና ስለ ማሻሻል

(በአዳማ ከተማ የሸክላ ወዳጆች በተሰባሰቡበት ዕለት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ሙቀት ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ ስለ ሸክላ ለመነጋገር መሰብሰባችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። ከሞጆ፣ ከወንጂና ከአሰላ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችንም እንኳን በደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ ሸክላ የሚያደምጥ ሰው የቤቱን ዕቃ ማሻሻል ቢፈልግ ከምን ይጀምር የሚል ነው። በሙያዬ የሬዲዮና የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ ስለሆንሁ ይህን ጥያቄ በየጊዜው እጠየቃለሁ። ጠያቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ትልቅ አምፕሊፋየር ይሻለኛል ወይስ ትልቅ ስፒከር?» ይለኛል። መርፌው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ገንዘባችንም ጥንቃቄያችንም አስቀድሞ መሄድ ያለበት መርፌው ሸክላውን ወደሚነካበት ቦታ ነው። በመጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደምል አስረዳለሁ፤ ቀጥዬ ሁለት ዕቃዎችን በትክክል እንዴት እንደምናወዳድር እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ስለ መብራቱ፣ ስለ አምፕሊፋየሩ፣ ስለ ስፒከሩና ስለዚህ ስለ ከተማችን አቧራ አነሣለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አምፕሊፋየር ቢበላሽ ምን ይደረጋል? ይጠገናል። ካፓሲተሩ ቢደርቅ ይቀየራል፤ ትራንዚስተሩ ቢቃጠል ይተካል። የስፒከር ጠርዝ ቢቀደድ ይለጠፋል፤ ሽቦው ቢቃጠል እንኳ እንደገና ይጠቀለላል። በተበላ መርፌ የተፋቀ ሸክላን ግን ማን ይጠግነዋል? ማንም አይጠግነውም። ድምፁ ከተቀረጸበት ከቀጭኑ ቦይ ግድግዳ ላይ የተፋቀው እስከ ወዲያኛው ሄዷል።

ይህ ነገር ለእኛ ከሌላው ዓለም ይልቅ የከበደ ነው። የአገራችን የግል ሸክላ አሳታሚነት እ.ኤ.አ. በ1969 በአምሃ እሸቴ ድፍረት ተጀመረ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ አሊ አብደላ ካይፋ ተከተሉ። ያ ዘመን አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ካሴት ቦታውን ወሰደ፤ ሸክላ መታተሙም ቀረ። ከዚያ ዘመን ሥራዎች የተወሰኑት ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በፈረንሳዊው በፍራንሲስ ፋልሴቶ ትጋት በሲዲ ታትመው ዓለም ሰምቷቸዋል። ዳግም ያልታተሙት ግን ብዙ ናቸው፤ እነርሱ የሚገኙት እናንተ ሳጥን ውስጥ፣ ቡፌ ሥር፣ የአያት አልጋ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ የሸክላ ማጫወቻ ባለቤት የሆነ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ብቻ አይደለም፤ የቅርስ ጠባቂም ነው። ጠባቂ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈትሸው መርፌውን ነው።

መርፌው ምንድን ነው? በአንዲት ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለ ቅንጣት አልማዝ ነው። በድሮ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ ሰንፔርም ነበር፤ ሰንፔር ግን ከአልማዝ እጅግ ቀድሞ ይበላል። አልማዙም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ እንደ ቅርጹና እንደ አያያዙ በጥቅሉ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል። በቀን አንድ ሰዓት የሚያደምጥ ሰው 300ውን ሰዓት በአንድ ዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ከአጎታችሁ የወረሳችሁት ማጫወቻ ላይ ያለው መርፌ ስንት ሰዓት ሠርቷል? የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ እለምናችኋለሁ፣ ሌላ ሸክላ ሳታስቀምጡ ቀይሩት።

የቅርጹ ነገርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነው መርፌ ርካሽና ታጋሽ ነው፤ ለሞኖ (በአንድ መስመር ለተቀረጹት) ባለ 45 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ ለሚዞሩት ሸክላዎቻችንም መልካም ነው። ሞላላው ጫፍ ደግሞ ወደ ቦዩ ጥቃቅን ጥምዝ ጠልቆ ይገባል፤ ከዚያ በላይ የተሳሉት እነ ማይክሮላይንና እነ ሺባታ የበለጠ ያነባሉ፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ፤ አንዳንድ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ አካሉ ሳይነካ መርፌው ብቻ እየተነቀለ ይቀየራል። የኦዲዮ ቴክኒካው ቪኤም95 አካል ከድቡልቡሉ እስከ ሺባታው ያለውን መርፌ ሁሉ ይቀበላል፤ ለጥንቶቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች የተሠራ ወፍራም መርፌም አለው። በኦርቶፎን ቱኤም ሬድ አካል ላይ የቱኤም ብሉን መርፌ መሰካት ይቻላል። እንግዲህ ዛሬ በአቅማችሁ ትጀምራላችሁ፤ ነገ መርፌውን ብቻ ታሳድጋላችሁ። ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ አላውቅም። ባለ 78 ዙሩን ሸክላ ግን በቀጭኑ መርፌ አታጫውቱ፤ ቦዩ ሰፊ ስለሆነ መርፌው ታች ወርዶ ቆሻሻውን ያርሳል እንጂ ድምፁን አያነብም።

ክብደቱስ? በዘመናዊ ካርትሪጆች ላይ መርፌው ሸክላውን የሚጫነው በ2 ግራም አካባቢ ነው። አምራቹ የጻፈውን ቁጥር ፈልጋችሁ በትንሽ የግራም ሚዛን ለኩ። መርፌው ሲዘልልባቸው በክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ይህን ልማድ በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል። የሚዘለው ሸክላው ቆሽሾ፣ ማጫወቻው ተንጋድዶ ወይም መርፌው ተበልቶ ነው፤ ሳንቲሙ ምክንያቱን ደብቆ ጥፋቱን ያባብሳል። ይሁንና ሸክላው እንዲተርፍ ብሎ ከተጻፈው በታች ማቅለልም አይጠቅምም፤ የቀለለ መርፌ በቦዩ ውስጥ እየተወዛወዘ ግድግዳውን ይደበድባል። አሁን በብዛት የሚገቡት የሻንጣ ቅርጽ ያላቸው ማጫወቻዎች ደግሞ አብዛኛዎቹ ሴራሚክ ካርትሪጅ ስላላቸው ከ5 ግራም ያላነሰ ጭነት ይጠቀማሉ። በእነርሱ ላይ ዳግም የማይገኝ ሸክላ አለማስቀመጥ ይሻላል።

አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ። የሚወዷት ዘፋኝ «ስ» እና «ሽ» ያለበትን ቃል ባወጣች ቁጥር ድምፁ እየተፋና እየተንሻሸ ያስቸግራቸዋል። መጀመሪያ አምፕሊፋየር ቀየሩ፤ ችግሩ አልለቀቀም። ቀጥሎ ስፒከር ቀየሩ፤ ጭራሽ ባሰ፤ አዲሱ ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ አጥርቶ ያወጣልና ጥፋቱንም አጥርቶ አወጣው። በመጨረሻ ማጫወቻውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። በአጉሊ መነጽር ሳየው የመርፌው ጫፍ በሁለት ጎን ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። መርፌውን ቀይሬ ሚዛኑን አስተካከልሁና ራሳቸው የመረጡትን ሸክላ አስቀመጥሁ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲያልቅ «የሸጥሁት አምፕሊፋየር ምን አጠፋ?» አሉኝ። ምንም አላጠፋም ነበር።

ይህ ታሪክ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ያስገባኛል፤ ስለ ማወዳደር። ጆሯችን ታማኝ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይታለላል። በእጅጉ የሚያታልለው ጉልበት ነው፤ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች አንዱ በጥቂቱ ጎላ ካለ «ይኸኛው ጥርት ያለ ነው፣ ይኸኛው ሞቅ ያለ ነው» እንላለን እንጂ «ይኸኛው ጎልቷል» አንልም። በአንድ ወቅት ወዳጆቼ ሁለት አምፕሊፋየሮች ለማወዳደር ቤቴ ተሰብስበው ነበር። ሁሉም በአንድ ድምፅ አንደኛውን መረጡ። እኔም ቴስተሬን አውጥቼ፣ ቋሚ የፍተሻ ድምፅ እያጫወትሁ፣ በስፒከሩ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለካሁና የተመረጠው ጎላ ብሎ እንደነበር አሳየኋቸው። ሁለቱን እኩል አድርገን፣ የትኛው እንደሚሠራ እንዳይታይ ጀርባቸውን አዙረው ደግመን ስንሰማ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱም ልዩነት አልሰማንም አሉ። አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ ነው እያልሁ አይደለም። ሳይስተካከል የተደረገ ውድድር ግን ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም እያልሁ ነው።

ስለዚህ ስታወዳድሩ ጉልበቱን እኩል አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ መርፌውንም ገመዱንም የስፒከሩን ቦታም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው በምን ያውቃል? ያንኑ ሸክላ፣ ያንኑ ቦታ ደጋግማችሁ ስሙ። የምትሰሙበትን ቦታ ደግሞ በጥበብ ምረጡ። ትልቁ ሸክላ (ባለ 33⅓ ዙሩ) ሲዞር ከዳር በኩል በመርፌው ሥር የሚያልፈው በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ መሃል ሲደርስ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ታጭቆ ተቀርጿል ማለት ነው። ስለዚህ መርፌ የሚፈተነው በመጀመሪያው ዘፈን ሳይሆን በመጨረሻው ነው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ የማሲንቆው ጭራ የሚፈጥረው ፍትጊያ ሳይሻክር ከተሰማ፣ የዘፋኟ «ጽ» እና «ሽ» ሳይተፋ ካለፈ፣ የክራሩ ምት ከተመታ በኋላ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ከተከተላችሁት፣ መርፌያችሁም አቀማመጡም ደህና ነው። ያ ካልሆነ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ካርትሪጁ በክንዱ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ መታሰሩን በወረቀት መለኪያ ፈትሹ፤ ማጫወቻው ሳይንጋደድ መቀመጡንም በግንበኛ ውሃ ልክ እዩ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ከአዲስ ዕቃ ይበልጣል።

አሁን ወደ መብራቱ ልሂድ፤ እዚህ ላይ በጥሞና ስሙኝ፤ ብዙዎቻችን ዕቃ የምናገኘው ከአሜሪካ ከሚልኩልን ዘመዶቻችን ነውና። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን፣ ማለትም ጅረቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ ግን አይነካውም። በብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን አንድ እጅግ ያማረ ማጫወቻ ለእናቱ ላከ። አክስቴ ዕቃውን ከትራንስፎርመር ጋር አገጣጥማ የወጣትነቷን ሸክላ ብታስቀምጥ የሴቷ ድምፅ የወንድ መስሎ፣ ዘፈኑም እየተጎተተ ወጣ። «ሸክላው አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ» ብላ ከደነችው። ሄጄ ስሰማ ያረጀ ነገር አልነበረም። በ60 ኸርዝ ተብሎ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አምስቱ ብቻ ይሆናል፤ 45 ዙር የነበረው ወደ 37.5 ይወርዳል፤ 33⅓ የነበረው ከ28 ዙር በታች ይሆናል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል። ድምፁም በፒያኖ ብንለካው ከሦስት ቁልፍ በላይ ዝቅ ይላል። ቺንጋው የሚጠመጠምበትን የሞተሩን ፑሊ በ1.2 እጥፍ የሰፋ አድርገን በቶርኖ ቤት አስቀረጽንላት፤ አክስቴም ዘፋኟን መልሳ አገኘቻት።

የእናንተን እንዴት ታውቃላችሁ? በሸክላው መለያ ወረቀት ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፉና በስልካችሁ ሰዓት እየያዛችሁ ቁጠሩ፤ ባለ 45ቱ በአንድ ደቂቃ 45 ጊዜ፣ ትልቁ ሸክላ በሦስት ደቂቃ 100 ጊዜ መዞር አለበት። ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ሞተሩ በትንሽ አዳፕተር በቀጥታ ጅረት (ዲሲ) የሚሠራ ወይም ፍጥነቱን ራሱ በኳርትዝ የሚቆጣጠር እንዲመርጥ ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ከዚህ ወገን ነው፤ ቮልቱ ይስተካከልለት እንጂ ኸርዙ አያስጨንቀውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ የሚዘልበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ስታብላይዘር ሳታስገቡ አምፕሊፋየር አትሰኩ።

ስለ አምፕሊፋየር ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው፤ ይህ ስምምነት ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም የጸና ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ልዩነቱ ወደ 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል። ይህን ወደ ቦታው የሚመልሰው ፎኖ የሚባለው ክፍል ነው፤ ከካርትሪጁ የሚወጣውን የጥቂት ሚሊቮልት ድምፅ የሚያሳድገውም እርሱ ነው። ፎኖ በሌለው አምፕሊፋየር ላይ ብትሰኩት የሚወጣው የደከመና ቤዝ የሌለው ቀጭን ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ማጫወቻውን ይረግማል፤ የጎደለው ግን ፎኖው ነው። ሙቪንግ ኮይል የሚባሉት ካርትሪጆች የሚያወጡት ደግሞ የሚሊቮልት ክፋይ ስለሆነ የራሳቸውን ፎኖ ይሻሉ፤ መርፌያቸውም በቤት አይቀየርም። ለጀማሪ አልመክራቸውም። የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭኗን የኧርዝ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር እሰሩ።

ስፒከሩ ከመርፌው ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ዕቃ ነው፤ ክፍሉን የሚሞላው እርሱ ነውና። በስኮትላንድ ግላስጎው ሊን የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት አይቨር ቲፈንብሩን በ1970ዎቹ ማጫወቻው ይቅደም፣ ስፒከሩ ይከተል ብለው ሲከራከሩ፣ በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚያምነው ተቃራኒውን ነበር። ማጫወቻው ያላነበበውን ስፒከር አይፈጥረውም ማለታቸው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ፍጥነቱ የጸናና ክንዱ ያልላላ ደህና ማጫወቻ ካላችሁ፣ በእኔ ፍርድ ቀጣዩ ገንዘብ ለስፒከር ይሁን። ስትገዙም ዋቱን ብቻ አትዩ። አንዱ ስፒከር ከሌላው በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስሜታዊነት (በተሰጠው ኃይል የሚያወጣው የድምፅ መጠን) ካለው፣ ያንኑ የድምፅ ጉልበት በዋቱ እኩሌታ ያወጣዋል።

ግን ስፒከሩን የት ነው የምናስቀምጠው? በአብዛኛው ቤታችን ሳሎኑ የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ አለው፤ ማጫወቻውም ስፒከሮቹም ባንድ ቡፌ ላይ ተደርድረዋል። እንዲህ ሲሆን የስፒከሩ ንዝረት በእንጨቱ በኩል ወደ መርፌው ይመለስና ቤዙን ያንቦጫቡጨዋል፤ ድምፅ ሲጨመርም መጮህ ይጀምራል። ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ላይ አውጡት። ስፒከሮቹን ከጥግ አርቁ፤ ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣበት አፋቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ ይሁን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከእያንዳንዱ እስከ እናንተ ካለው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ጨምሩ። ይህን ሳያደርግ አዲስ ስፒከር የሚገዛ ሰው ያንኑ የቤቱን ማስተጋባት በውድ ዋጋ ይሰማዋል። ስለ ገመድ ስትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ከማጫወቻው እስከ ፎኖው ያለው ገመድ አጭርና በደንብ የተሸፈነ ይሁን፤ ርዝመቱ ሲጨምር የሚከማቸው ካፓሲታንስ (ገመዱ ኤሌክትሪክ የመያዝ ባሕርይ) የቀጭኑን ድምፅ ሚዛን ይቀይራልና። ከዚያ ያለፈውን ገንዘብ ለመርፌ አስቀምጡት።

የከተማችንን አቧራ ሳላነሣ ብወርድ ትወቅሱኛላችሁ። የአዳማን ነፋስ ኮረብታው ላይ የቆሙት የኃይል ማመንጫዎች ይመሰክሩለታል፤ ያ ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አፈር ግን ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከመርፌው ጋር ሸክላውን ይፈጫል። ከማጫወት በፊት በካርቦን ፋይበር ብሩሽ ጥረጉ፤ መርፌውንም ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አጽዱ። የስምጥ ሸለቆ ውሃችን ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ሸክላ በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ሲደርቅ ማዕድኑ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። አልኮል ደግሞ የጥንቱን ባለ 78 ዙር ሸክላ ያሟሟዋል፤ ፈጽሞ አታስጠጉት። ሸክላዎቹን አቁሙ እንጂ አትከምሯቸው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም ለአንድ ሰዓት እንኳ አትተዉ፤ ተጣመው ታገኟቸዋላችሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የያዝሁት ይህ ነው። ማጫወቻ ወይም ካርትሪጅ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሻይ በኋላ ወደዚያ ወደ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ኑ፤ አጉሊ መነጽርና የግራም ሚዛን አምጥቻለሁ፤ የእያንዳንዳችሁን መርፌ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ እናቶች፣ ከዚያ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች ትቀድማላችሁ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።